ያላለቀ ሥራን መቀባበል፦ የፎልዲት ተጫዋቾች እና የአንድ ፕሮቲን ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 «ኔቸር ስትራክቸራል ኤንድ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር የምርምር ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ የዘርፉ ተመራማሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሲሞክሩት ቆይተው ያልሆነላቸውን የአንድ ቫይረስ ፕሮቲን ቅርጽ፣ በኢንተርኔት የሚገናኙ፣ ፎልዲት የተባለው የፕሮቲን ማጠፊያ ጌም ተጫዋቾች ሦስት ሳምንት በቆየ ውድድር ለመፍትሔ እንዳበቁት ያስረዳል። ከደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ የግለሰብ ስሞች አይደሉም፤ «ፎልዲት ኮንቴንደርስ ግሩፕ» እና «ፎልዲት ቮይድ ክረሸርስ ግሩፕ» የሚባሉ የተጫዋቾች ቡድኖች ናቸው። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የባዮኬሚስትሪ ትምህርት የሌላቸው፣ ከቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው በትርፍ ጊዜያቸው የሚሳተፉ ሰዎች ነበሩ።

በኢንተርኔት ስለሚካሄዱ የቡድን ሥራ ጥናቶች ለመጻፍ ስነሣ ይህን ጉዳይ የመረጥሁት በአንድ ምክንያት ነው። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ጥናቶች የማይተዋወቁ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ያህል ይሰባሰቡና አንድ እንቆቅልሽ ይሰጣቸዋል፤ አጥኚው ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ፣ ማን ማንን እንዳዳመጠ፣ ቡድኑ መልሱ ላይ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ ይመዘግባል። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙ ተገኝቷል፤ ይሁን እንጂ የእንቆቅልሹ መልስ አስቀድሞ በአጥኚው እጅ ያለ ነው። በፎልዲቱ ጉዳይ ግን መልሱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ተሳታፊዎቹ ተጠኚዎችም መርማሪዎችም ነበሩ፤ ቡድኑ ተሳክቶለት እንደሆነ የሚታወቀውም ከፕሮቲኑ ክሪስታል በተገኘ ማስረጃ እንጂ በአጥኚው መልስ መስጫ አልነበረም።

ጽሑፉን በደንብ ላነበበው ሰው ጎልቶ የሚታየው የተሳታፊዎቹ ብዛት አይደለም። አንዱ ያላለቀ ሥራውን እንዳለ ለሌላው ሲያስረክብ፣ ተቀባዩም ከዜሮ ሳይጀምር ከዚያው ሲቀጥል ነው ችግሩ የተፈታው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ያ ርክክብ እንዴት እንደተቻለ ነው።

ችግሩ ምን ነበር?

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች በክር ላይ እንደተሰኩ ዶቃዎች ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጣጥፎና ተጠቅልሎ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጹ ነው። የዶቃዎቹን ቅደም ተከተል ማወቅ በአንጻሩ ቀላል ሲሆን፣ ከቅደም ተከተሉ ተነሥቶ ቅርጹን መተንበይ ግን ለአሥርት ዓመታት የባዮሎጂ ከባድ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

የዚህ ጉዳይ ፕሮቲን የተገኘው ሜሰን-ፋይዘር ከሚባለው የጦጣ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ሪሰስ በሚባሉ ጦጣዎች ላይ ኤድስን የሚመስል በሽታ ያስከትላል። ፕሮቲኑ ፕሮቲዬዝ የሚባለው ዓይነት ኢንዛይም ሲሆን፣ ቫይረሱ በአንድ ረጅም ሰንሰለት የሚያመርታቸውን ፕሮቲኖች እንደ መቀስ እየቆረጠ ለአገልግሎት ያበቃቸዋል። ኤችአይቪም የራሱ ፕሮቲዬዝ አለው። በአገራችን የመጀመሪያው ደረጃ ሕክምና አልሠራ ላላቸው ታካሚዎች የሚሰጡት እንደ ሎፒናቪርና አታዛናቪር ያሉ መድኃኒቶች ይህንኑ መቀስ እንዳይቆርጥ የሚይዙ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ ከእኛ የራቀ የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የኤችአይቪ ፕሮቲዬዝ የሚሠራው እያንዳንዳቸው 99 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት አንድ ዓይነት ግማሾች ሲገጣጠሙ ነው፤ መቀስ ሁለት ስለት እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። የጦጣው ቫይረስ ፕሮቲዬዝ በበኩሉ አንዱ ግማሽ ሳይገጣጠም ለብቻው በቆመበት ሁኔታ ሊጠና የሚችል ነበር። አንዱ ስለት ለብቻው ሲሆን ምን እንደሚመስል ከታወቀ፣ የተገጣጠመውን መቀስ ከመያዝ ይልቅ ስለቶቹ ገና ሳይገናኙ የሚያግድ መድኃኒት ለማሰብ መነሻ ይገኛል። ተመራማሪዎቹን ለዓመታት ያደከማቸው ተስፋ ይህ ነበር።

በፖላንድ ፖዝናን ከተማ የሚሠራው የማሪየሽ ያስኮልስኪ የምርምር ቡድን የፕሮቲኑን ክሪስታልና የኤክስሬይ መረጃ በእጁ ይዞ ነበር። ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በመቀበያው ላይ ብዙ ነጠብጣቦችን ይተዋል፤ ነጠብጣቦቹ ምን ያህል እንደደመቁ ይለካል፤ እያንዳንዱ ሞገድ በየትኛው ቅጽበት ላይ እንደነበረ የሚናገረው መረጃ ግን በዚያው ይጠፋል። በአንድ መዝሙር ውስጥ የትኞቹ ድምፆች እንዳሉና ምን ያህል ጎልተው እንደተሰሙ የሚገልጽ ዝርዝር ቢኖረን፣ እያንዳንዱ ድምፅ መቼ እንደጀመረ ግን ባናውቅ ዜማውን መልሶ ማዜም እንደማይቻለን ሁሉ፣ ከነጠብጣቦቹ ብቻ ተነሥቶ ቅርጹን መሳል አይቻልም። የተለመደው መውጫ ከእውነተኛው ቅርጽ ጋር በበቂ ሁኔታ የሚቀራረብ ሞዴል አስቀድሞ ይዞ የጠፋውን መረጃ በእርሱ መሙላት ነው። ኤንኤምአር በተባለው ሌላ ዘዴ ቀደም ሲል የተሠሩ ሞዴሎች ነበሩ፤ ነገር ግን ለዚህ የሚበቃ ትክክለኛነት አልነበራቸውም። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው፣ ሮዜታ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም ተሞክሮ ሊያሻሽላቸው አልቻለም።

ጨዋታው

ፎልዲት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የቀረበ ጌም ነው። በባዮኬሚስቱ ዴቪድ ቤከርና በኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዞራን ፖፖቪች ዙሪያ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ሠሩት። መነሻው ራሱ ከተሳታፊዎች የመጣ ነው። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሮዜታ አት ሆም ፈቃደኞች የቤት ኮምፒውተራቸውን ትርፍ ጉልበት ለፕሮቲን ስሌት የሚያውሱበት ፕሮጀክት ነበር፤ ስሌቱ ሲካሄድም በስክሪኑ ላይ የሚታጠፈው ፕሮቲን ይታያቸው ነበር። ቁጭ ብለው ሲመለከቱ ከቆዩት አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደሚሳሳት እንደሚታያቸው፣ እጃቸውን ማስገባት ቢፈቀድላቸው የተሻለ ሊሠሩ እንደሚችሉ ለተመራማሪዎቹ ጻፉ። ተመራማሪዎቹ ይህን አስተያየት ከቁም ነገር ቆጥረውት ባይሆን ኖሮ የምጽፈው ጉዳይ አይኖርም ነበር።

በጨዋታው ስክሪን ላይ ፕሮቲኑ እንደ ተጠቀለለ ጥብጣብ ሆኖ ይቀርባል። ከጥብጣቡ ዳርና ዳር የወጡት ቅርንጫፎች በቀለም የተለዩ ናቸው፤ ብርቱካናማዎቹ ከውኃ የሚሸሹ በመሆናቸው ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ ሰማያዊዎቹ ውኃ የሚወዱ በመሆናቸው ወደ ውጭ ቢዞሩ ይሻላል። ሁለት ክፍሎች ከመጠን በላይ ተጠጋግተው ሲጋጩ በመካከላቸው እሾህ የመሰለ ቀይ ኳስ ብቅ ይላል። ተጫዋቹ አንዱን ክፍል በማውስ ይዞ ይጎትታል፣ ሁለቱን በላስቲክ ያስራል፣ አንዱን ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል፣ ከዚያም ፕሮግራሙ ቀሪውን እንዲያናውጥና እንዲያስተካክል ያዝዛል። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከላይ ያለው ነጥብ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ነጥቡ የፕሮቲኑን የኃይል ስሌት የተከተለ ነው፤ በተፈጥሮ ፕሮቲን ዝቅተኛ ኃይል የሚጠይቀውን ቅርጽ ስለሚይዝ፣ ከፍተኛ ነጥብ ማለት ወደ እውነተኛው ቅርጽ መቅረብ ሊሆን ይችላል።

ለቡድን ሥራ አጥኚ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው የነጥብ አያያዙ ነው። ፎልዲት ተጫዋቾችን በሁለት መንገድ ደረጃ ያወጣላቸዋል፤ አንደኛው ብቻውን ለሠራ፣ ሁለተኛው ደግሞ የቡድን ጓደኛው ያካፈለውን ሞዴል ተረክቦ ላሻሻለ ሰው ነው። የሌላን ሰው ሥራ ተቀብሎ ማሻሻል በጨዋታው ሕግ ራሱን የቻለ ክብር ያለው ሥራ ነው፤ መኮረጅ ተብሎ አይቆጠርም፣ ዝቅ ተደርጎም አይታይም። በብዙ መሥሪያ ቤት የምናውቀው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አዲስ ሐሳብ ያመጣው ይመሰገናል፤ የሌላውን ጅምር ተቀብሎ ከዳር ያደረሰው ግን ስሙ አይነሣም፤ በዚህም የተነሣ ሰው ያላለቀ ሥራውን ማሳየት ይፈራል፣ የሌላውን ጅምርም መንካት አይፈልግም። ፎልዲት ይህን ፍርሃት ያስወገደው በምክር አይደለም፤ ቅብብሎሹን ራሱን ነጥብ የሚያሰጥ ሥራ በማድረግ ነው።

ሦስት ሳምንት

የጦጣው ቫይረስ ፕሮቲዬዝ እንቆቅልሽ ሆኖ ሲቀርብ ተጫዋቾቹ መነሻ እንዲሆናቸው የተሰጧቸው እነዚያው ትክክለኛነት የጎደላቸው የኤንኤምአር ሞዴሎች ነበሩ። ቡድኖች እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ፤ በቡድን ውስጥ ግን ሞዴል ይካፈላሉ።

ወሳኙ መፍትሔ የወጣው ከኮንቴንደርስ ቡድን ሲሆን፣ የሦስት ተጫዋቾች ተከታታይ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ተጫዋች ከመነሻው ሞዴል ተነሥቶ የፕሮቲኑን ቤታ ስትራንድ የሚባሉ ዘርፎች አስተካከለ። እነዚህ የሰንሰለቱ ቀጥ ያሉ ክፍሎች ጎን ለጎን ተደርድረው የፕሮቲኑን ዋና አካል የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ይህ እርምት የቤት ምሰሶ እንደማቃናት ነበር። ሥራው ግን አላለቀም፤ ሞዴሉ የኤክስሬዩን መረጃ ለመተርጎም ገና አይበቃም ነበር።

ሁለተኛው ተጫዋች ይህንኑ ሞዴል ተረከበ። ምሰሶዎቹን አልነካካቸውም፤ ትኩረቱን ያደረገው ከውኃ የሚሸሹት ቅርንጫፎች በሚታጨቁበት በፕሮቲኑ እምብርት ላይ ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከጎረቤቱ ጋር ሳይጋጭ፣ ባዶ ቦታም ሳይተው መግጠም አለበት። አንዱን ጥቂት ሲያዞሩት ሌላው ይጋጫል፤ ስለዚህ ትዕግሥትና ዓይን የሚጠይቅ የጥቃቅን ሥራ ነው። በዚህ ሥራ የእምብርቱ ቅርንጫፎች ከእውነተኛ ቦታቸው ጋር በጣም ተቀራረቡ።

ሦስተኛው ተጫዋች ከሁለተኛው ተረክቦ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በፕሮቲኑ አንድ ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ቀለበት ሠርቶ የሚታጠፈውን የሰንሰለቱን ክፍል አስተካከለ። በመጠን ካየነው የሦስተኛው ለውጥ ትንሹ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሞዴሉን ከ«ይቀራረባል» ወደ «ይበቃል» ያሻገረው ይህ ነው። ሞዴሉ ከኤክስሬዩ መረጃ ጋር ሲገጣጠም ጥርጥር የሌለው መልስ ሰጠ፤ የቀረውን የማጣራት ሥራ ባለሙያዎቹ በጥቂት ቀናት አጠናቀቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ሦስቱ ተጫዋቾች ሥራውን አስቀድመው አልተከፋፈሉም፤ «አንተ ምሰሶውን፣ አንቺ እምብርቱን» ብሎ የመደባቸው አለቃም አልነበረም። እያንዳንዱ የቀደመውን ሞዴል አይቶ የጎደለውን ለየ፣ በጎደለው ላይ ብቻ ሠራ። ይህ የሆነው ሥራው በሙሉ በሁሉም ዓይን ፊት ስለነበረ ነው። ተቀባዩ ከሰጪው ረጅም ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ሞዴሉን ከፍቶ ማሽከርከር ይችላል፣ ነጥቡ የቱ ጋ ዝቅ እንዳለም ያያል።

የቡድን ሥራ ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ደቦ ነው። በደቦ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ማሳ ላይ ተሰልፈው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ የእጁ ብዛት ሥራውን ያፈጥነዋል። የኮንቴንደርስ ሥራ ከዚህ ይለያል። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሞዴሉን ቢጎትተው አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰው ነበር። የተሳካው ተራ በተራ፣ የተለያየ ዓይን ባላቸው ሰዎች፣ በአንድ ነገር ላይ መሠራቱ ነው።

ሰው ለምን አስፈለገ?

ኮምፒውተሩ ያላደረገውን ሰዎች ምን አደረጉ የሚለውን ለመረዳት ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 «ኔቸር» ላይ የወጣው የፎልዲት ሠሪዎች ጥናት ይጠቅማል። በጥናቱ ተጫዋቾቹ በአሥር እንቆቅልሾች ከሮዜታ ጋር ተነጻጽረው በአምስቱ ይበልጥ ጥሩ ውጤት አገኙ፣ በሦስቱ ተቀራረቡ። የበለጡት በተለይ መዋቅሩን በሰፊው አፍርሶ መልሶ መገንባት በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ተጫዋች ነጥቡ ለጊዜው ቢያሽቆለቁልም ወደ ተሻለ ቦታ እንደሚያደርሰው ካመነ ይታገሣል፤ ፕሮግራሙ ግን እንዲህ ያለውን ረጅም ቁልቁለት አልፎ ለመሄድ ይቸገራል። በአንጻሩ ሰዎች ገና ካልታጠፈ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሲጀምሩ ደካማ ነበሩ። ይህ ለእኛ ጥያቄ ዋና ቁም ነገር ነው፤ ሰው ብርቱ የሚሆነው በከፊል ትክክል የሆነ፣ የሚታይ መነሻ ሲኖረው ነው፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ተጫዋች ያንን መነሻ የሰጣቸው ደግሞ ከፊታቸው የነበረው ጓደኛቸው ነው።

ቅብብሎሹ በሞዴል ብቻ አልተወሰነም። ተጫዋቾቹ የሚደጋግሟቸውን እርምጃዎች በቅደም ተከተል አስቀምጠው ለሌሎች የሚያካፍሉበት «ሬሲፒ» የሚባል መሣሪያም ተሰጥቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ አካባቢ በወጣ ሌላ ጥናት፣ በሦስት ወር ተኩል ገደማ 721 ተጫዋቾች 5,488 የተለያዩ ሬሲፒዎችን እንደተጠቀሙ ተዘግቧል። አንዱ የሠራውን ሌላው ይወስዳል፣ አንድ እርምጃ ይጨምርበታል ወይም ይቀንስለታል፣ እንደገና ያካፍለዋል። በዚህ መንገድ ተወዳጅ ከሆኑት አንዱ «ብሉ ፊውዝ» የሚባለው ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ በራሳቸው ላቦራቶሪ ሠርተው ገና ያላሳተሙት ዘዴ ከእርሱ ጋር በእጅጉ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በትርፍ ጊዜያቸው የሚጫወቱ ሰዎችና ዕድሜ ልካቸውን በዘርፉ የሠሩ ባለሙያዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በአንድ ሐሳብ ላይ ተገናኙ።

ጉዳዩ የማያረጋግጠው

በወቅቱ ዜናው ሲሰራጭ ተጫዋቾች የኤድስን እንቆቅልሽ ፈቱ የሚል መልክ ይዞ ነበር። ትክክል አይደለም። ፕሮቲኑ የጦጣ ቫይረስ ነው፤ የተገኘውም ቅርጽ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ክሪስታሉን ያሳደጉት፣ ኤክስሬዩን ያነሡት፣ የመጨረሻውን ማጣሪያ ያካሄዱት በላቦራቶሪ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ ተጫዋቾቹ የሞሉት በመካከል የነበረውን አንድ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሥራውን ሁሉ አስሮ የያዘ መሆኑ የተጫዋቾቹን ድርሻ ትልቅ ያደርገዋል እንጂ የሌሎቹን አያሳንስም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከጥናት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ቁጥጥር ያለበት ሙከራ አልነበረም። ሞዴል መካፈል የተከለከለበት ሌላ ምድብ ጎን ለጎን አልተሰለፈም፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ተጨማሪ ሳምንታት ቢሰጠው ይደርስበት እንደነበር ከዚህ ጉዳይ ብቻ ተነሥቶ መናገር አይቻልም። እኔ ቅብብሎሹን ምክንያት አድርጌ የማየው ሦስቱ እርምቶች በሦስት የተለያዩ የፕሮቲኑ ክፍሎች ላይ የተሠሩ፣ የተለያየ ዓይነት ችሎታ የጠየቁ በመሆናቸው ነው፤ ይህ ግን ብያኔ እንጂ ልኬት አይደለም።

ሦስተኛው የጊዜው መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አልፋፎልድ 2 የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፕሮቲንን ቅርጽ በከፍተኛ ትክክለኛነት መተንበይ ቻለ፤ በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለዴቪድ ቤከር እና ለአልፋፎልድ ሠሪዎች ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ተሰጠ። ዛሬ እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ቢመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ለፕሮግራሙ ነው። የፎልዲት ተጫዋቾችም ከመተንበይ ወደ መንደፍ ተሸጋግረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር» ላይ በወጣው ሥራ፣ በተፈጥሮ የሌሉ ፕሮቲኖችን ነድፈው ከተሞከሩት 146 ንድፎች 56ቱ በላቦራቶሪ ሲሠሩ የተረጋጉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ የ2011ዱን ጉዳይ ሰው ከማሽን እንደሚበልጥ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚሠሩ ግን ያሳየው ነገር በዚህ አልተሻረም።

ማን ምን ሠራ የሚለው

በኢንተርኔት ጥናት ለመሳተፍ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከመመዝገቡ በፊት ቢጠይቅ የሚጠቅመው ነገር ሥራዬ በማን ስም ይወጣል የሚለው ነው። በብዙ ጥናቶች ተሳታፊ ማለት ቁጥር ነው። በፎልዲት ግን ከ2010ሩ ጽሑፍ ጀምሮ ተጫዋቾች በጋራ ስማቸው በደራሲነት ተመዝግበዋል። የጋራ ስም መሆኑ የራሱ ጉድለት አለው፤ ወሳኙን ሥራ የሠሩት ሦስት ሰዎች ሳሉ ክብሩ በመላው ቡድን ላይ ይሰራጫል። በሌላ በኩል ግን ሞዴል ሠርተው ያካፈሉት፣ ሬሲፒ የጻፉት፣ አዲስ ገቢን ያስተማሩት ሁሉ በዚያ ስም ውስጥ አሉ፤ ማንነታቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉትንም ይጠብቃል። እኔ ሁለቱም መኖር አለባቸው ባይ ነኝ፤ የ2011ዱም ጽሑፍ ይህን ያደረገ ይመስለኛል። በደራሲዎቹ ዝርዝር ላይ ያለው የቡድኑ ስም ነው፤ የሞዴሉን ጉዞ በሚያሳየው ሥዕል ሥር ባለው መግለጫ ላይ ግን የሦስቱ ተጫዋቾች የጨዋታ ስሞች፣ የመጀመሪያው ዘርፎቹን፣ ሁለተኛው እምብርቱን፣ ሦስተኛው ጠርዙን እንዳስተካከለ ተነግሮ፣ በተረካከቡበት ቅደም ተከተል ተጽፈዋል።